ምዕራፍ 7፦ የአክሲዮም ዋስ

ገንዘብ ያዥ ሆኖ መቀጠር የፈለገ ሰው ዲፕሎማው ብቻ አያስቀጥረውም። «ዋስ አምጣ» ይባላል። ዋሱም እንዲያው ከመንገድ የተጠራ ሰው አይሆንም፤ ቋሚ ሥራ ያለው፣ ደመወዙ ከተቀጣሪው የማያንስ፣ ይህንንም ከመሥሪያ ቤቱ በተጻፈ ደብዳቤ የሚያረጋግጥ መሆን አለበት። አለዚያ ነገሩ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ሁለት ጓደኛሞች «እኔ ላንተ፣ አንተ ለኔ» ቢሉም አያዋጣም፤ አብረው የወደቁ ዕለት የሚጠየቅ ሦስተኛ ሰው የለምና። ለራስ ዋስ መሆንማ ከናካቴው አይታሰብም።

የሒሳብን መሠረት የሚመረምረው የስብስብ ጥናትም እንዲህ ያለ የዋስትና ደንብ አለው። አዲስ አክሲዮም ይዞ የመጣ ሰው «እውነት ነው ወይ?» ከመባሉ በፊት «ዋስህ ማን ነው?» ይባላል። ዋሶቹ ግዙፍ ካርዲናሎች የሚባሉ፣ ከልክ ያለፉ ወሰን የለሽ ቁጥሮች ናቸው። ዋስ ፈላጊዎቹ ብዙ ናቸው፤ በዚህ ምዕራፍ የምንከታተለው ግን አንዱን ቤተሰብ፣ የፎርሲንግ አክሲዮሞችን ነው። ዕዳቸው ምን ያህል እንደሆነ፣ ማን እንደፈረመላቸው፣ ከፈረመላቸው ያነሰ ዋስ ይበቃቸው እንደነበረ እንጠይቃለን። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጎደል የዘጋው በር

የሒሳብ ሊቃውንት ዛሬ በጋራ የሚገዙበት ሕግ ዜድ ኤፍ ሲ ይባላል። ኧርንስት ዘርሜሎ በ1908 አቀረበው፤ አብርሃም ፍሬንከልና ቶራልፍ ስኮለም በ1922 የጎደለውን ሞሉበት። ሕጎቹ ሲያዩዋቸው ተራ ይመስላሉ፦ ሁለት ነገሮችን በአንድ ስብስብ ማኖር ይቻላል፣ የአንድን ስብስብ ንዑሳን ሁሉ መሰብሰብ ይቻላል፣ ወሰን የለሽ ስብስብ አለ፣ ወዘተ። ከመደመር እስከ ካልኩለስ ያለው ግን ከነዚሁ ይወጣል።

ስጋቱ አንድ ነው። ከሕጎቹ አንድ ቀን ቅራኔ ቢወጣ፣ ማለትም አንድ ነገር እውነትም ሐሰትም መሆኑ ቢረጋገጥ፣ በሎጂክ ደንብ ማንኛውም ነገር ይረጋገጣል። ሁሉን የሚያጸድቅ ዳኛ ደግሞ ፍርዱ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሥርዓቱ ከራሱ ጋር እንደማይጣላ ማወቅ ያስፈልጋል።

በ1931 ኩርት ጎደል ይህን ከውስጥ የማወቂያውን በር ዘጋው። ስሙ በአማርኛ ጆሮ «ጎደለ»ን ያስታውሳል፤ ያረጋገጠውም የአለመሟላት ቲዎረም ስለሆነ ግጥምጥሞሹ ፈገግ ያሰኛል። ሁለተኛው ቲዎረሙ እንዲህ ይላል፦ ሕጎቹ ተዘርዝረው ሊጻፉ የሚችሉ፣ ተራ የቁጥር ሥራን የሚችል ሥርዓት ሁሉ፣ በርግጥ ከቅራኔ ነጻ ከሆነ፣ ነጻ መሆኑን ራሱ ማረጋገጥ አይችልም። በእኛ ቋንቋ፣ ለራሱ ዋስ አይሆንም።

ከዚህ ክልከላ አንድ ሚዛን ተወለደ። አንድ ሥርዓት የሌላውን ከቅራኔ ነጻ መሆን ማረጋገጥ ከቻለ ጉልበቱ ይበልጣል፤ ደመወዙ ከፍ ያለ ዋስ ነው። «አንተ ከቅራኔ ነጻ ከሆንክ እኔም ነኝ» መባባል የሚችሉ ሁለት ሥርዓቶች ደግሞ፣ የሚናገሩት ነገር የቱንም ያህል ቢራራቅ፣ ጉልበታቸው እኩል ነው።

የዋሶች መሰላል

የመጀመሪያው ዋስ የማይደረስበት ካርዲናል ይባላል። ስሙን ለመረዳት ከታች መነሳት ይበጃል። 3 ነገሮች ያሉት ስብስብ 8 ንዑሳን አሉት፤ 10 ነገሮች ያሉት 1,024። ወሰን የለሹም እንዲሁ ነው፤ ንዑሳኑ ሁልጊዜ ከራሱ ይበልጣሉ። ስለዚህ ንዑሳንን ደጋግሞ በመሰብሰብ ወደ ላይ መውጣት ይቻላል። ሌላው መውጫ ማጠራቀም ነው፦ ትንንሽ ስብስቦችን፣ ብዛታቸውም ትንሽ ሆኖ፣ አንድ ላይ ማድረግ። የማይደረስበት ካርዲናል ከመቁጠሪያ ቁጥሮች በላይ ሆኖ በሁለቱም መንገድ ከታች የማይነካ ቁጥር ነው። ንዑሳን ቢሰበስቡም፣ ቢያጠራቅሙም፣ ከበታቹ ይቀራሉ።

እንዲህ ያለ ቁጥር አለ እንበል። ከእሱ በታች ባሉት ደረጃዎች የተሠሩትን ስብስቦች ብቻ ለይተን አጥር እንጠርላቸው። ዜድ ኤፍ ሲ የሚፈቅደው ሥራ ሁሉ ከአጥሩ ሳይወጣ ይፈጸማል፤ መሰብሰቡም ማጠራቀሙም ከግቢው አያስወጣምና። ስለዚህ ግቢው ራሱን የቻለ፣ ሕጎቹ ሁሉ የሚሠሩበት ትንሽ ዓለም ነው። የሚኖርበት ዓለም ያገኘ ሥርዓት ከራሱ ጋር አይጣላም። የማይደረስበት ካርዲናል ለዜድ ኤፍ ሲ ዋስ ሆነለት ማለት ነው። በዚያው ልክ ዜድ ኤፍ ሲ እንዲህ ያለ ቁጥር መኖሩን በራሱ ሊያረጋግጥ እንደማይችል እናውቃለን፤ ቢያረጋግጥ ለራሱ ዋስ ሆነ፣ ያንን ደግሞ ጎደል ከልክሏል።

መሰላሉ ከዚህ ይቀጥላል። ስታኒስዋፍ ኡላም በ1930 ስለ ልኬት ሲጠይቅ ያገኘው ተለኪ ካርዲናል፣ ከበታቹ የማይደረስባቸው ካርዲናሎች እንደ አሸዋ የፈሰሱለት ነው። ከእሱ በላይ፣ በብዙ ደረጃ ርቀው፣ በሂዩ ዉዲን ስም የሚጠሩት ካርዲናሎች አሉ። ከነሱም በላይ ሱፐርኮምፓክት የሚባለው ተቀምጧል። እያንዳንዱ ከበታቹ ላሉት ይፈርማል፤ ለራሱ ግን ከበላዩ ያለውን ይጠራል። የሚያስገርመው፣ መርገጫዎቹን ያስቀመጡት የተለያዩ ሰዎች፣ በተለያየ ጊዜ፣ ለተለያየ ጥያቄ ሲሆን፣ ማነጻጸር በተቻለበት ሁሉ በአንድ መስመር መሰለፋቸው ነው።

ጫፉ ላይ ገደል አለ። ዊልያም ራይንሃርት በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሁሉ የሚበልጥ ካርዲናል አቀረበ። ኬነት ኩነን በ1971 ይህ ዋስ ከዜድ ኤፍ ሲ ጋር እንደሚቃረን አሳየ። ፊርማው ያማረ ሁሉ ሀብት አለው ማለት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ታወቀ።

ዋሶቹ ዝም ያሉበት ጥያቄ

ጌኦርግ ካንቶር በ1873 በመስመር ላይ ያሉ ነጥቦች እንደ መቁጠሪያ ቁጥሮች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብለው ሊደረደሩ እንደማይችሉ አረጋገጠ። የመቁጠሪያ ቁጥሮች ብዛት አሌፍ ዜሮ፣ ቀጥሎ ያለው ወሰን የለሽ ብዛት አሌፍ አንድ፣ ከዚያም አሌፍ ሁለት ይባላል። የመስመሩ ነጥቦች ብዛት ከነዚህ የትኛው ነው? ካንቶር በ1878 «አሌፍ አንድ ነው» ብሎ ገመተ፤ ይህ የኮንቲነም መላምት ይባላል። ዳቪድ ሂልበርት በ1900 ፓሪስ ላይ ለአዲሱ ክፍለ ዘመን ካቀረባቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያው አደረገው።

ጎደል በ1930ዎቹ መጨረሻ ዜድ ኤፍ ሲ መላምቱን ሊያፈርስ እንደማይችል አሳየ። ፖል ኮኸን በ1963 ሊያረጋግጠውም እንደማይችል አሳየ፤ በ1966 የፊልድስ ሜዳልያ ተሸለመበት። ጎደል ራሱ ግዙፍ ካርዲናሎች አንድ ቀን መልሱን ያመጣሉ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። አዝሪኤል ሌቪና ሮበርት ሶሎቬይ በ1967 ይህን ተስፋ ቆረጡት፦ ተለኪ ካርዲናል ካለበት ዓለም ተነስቶ፣ ካርዲናሉን ሳይነኩ፣ መላምቱን እውነትም ሐሰትም ማድረግ ይቻላል። ዋሶቹ ለሥርዓቱ ከቅራኔ መዳን ይፈርማሉ እንጂ በዚህ ጥያቄ ላይ አይመሰክሩም። መመስከር የሚችል ሌላ አክሲዮም መፈለግ ነበረበት፤ እሱም ከኮኸን ዘዴ ውስጥ ወጣ።

ፎርሲንግ በቅርብ ሲታይ

ኮኸን አዲስ ነጥብ ወደ ዓለም የሚያስገባበት ዘዴ ፎርሲንግ ይባላል። አንድን ነጥብ ማለቂያ እንደሌለው የዜሮና የአንድ ተርታ እናስበው። ሙሉው ተርታ በአንዴ በእጃችን አይገባም፤ የምንይዘው ሁልጊዜ ቁራጭ ነው፤ ለምሳሌ 0110። ቁራጩን ማስረዘም ይቻላል፤ የተጻፈውን መሰረዝ አይቻልም።

አሁን ጥያቄ ይቅረብልን፦ «በተርታው ውስጥ ሦስት 1 በተከታታይ ይገኙ።» የያዝነው ቁራጭ ምንም ይሁን፣ መጨረሻው ላይ 111 ጨምረን እንመልሳለን። እንዲህ ከየትኛውም ቁራጭ ተነስቶ መልስ የሚያገኘውን «ደግ ጥያቄ» እንበለው። «ሁሉም ዜሮ ይሁኑ» የሚለው ደግ አይደለም፤ 0110 ላይ ለደረሰ ሰው መመለሻ የለውም።

ደግ ጥያቄዎቹ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብለው መደርደር ከቻሉ ችግር የለም። በየተራ እየመለስን፣ ቁራጩን እያስረዘምን እንሄዳለን፤ በመጨረሻ የሚገኘው ተርታ ለሁሉም መልስ ነው። ችግሩ ጥያቄዎቹ አሌፍ አንድ ሲሆኑ ነው። አሌፍ ዜሮ እርምጃ ከሄድን በኋላ ተርታው ሞልቷል፤ ቀሪ ቦታ የለም፤ ገና ያልተመለሱት ጥያቄዎች ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም። የፎርሲንግ አክሲዮም እዚህ ላይ ይገባል፦ አሌፍ አንድ ደግ ጥያቄዎች ቢቀርቡም፣ ለሁሉም በአንድነት መልስ የሆነ ተርታ በዚሁ በምንኖርበት ዓለም ውስጥ አለ ይላል።

ይህን የተቀበለ ሰው የካንቶርን ግምት ወዲያው ያፈርሳል። ነጥቦቹ በትክክል አሌፍ አንድ ናቸው እንበልና ሁሉንም በአንድ መዝገብ እንጻፍ። ለእያንዳንዱ በመዝገቡ ላለ ተርታ «ከእሱ ቢያንስ በአንድ ቦታ ተለይ» የሚል ጥያቄ እናቅርብ። ጥያቄው ደግ ነው፤ ቁራጫችን ላይ አንድ አሐዝ ስንጨምር የዚያን ተርታ ተቃራኒ መጻፍ ብቻ ነው፤ እሱ 0 ካለ እኛ 1። ጥያቄዎቹ አሌፍ አንድ ናቸው፤ አክሲዮሙም ሁሉንም የሚመልስ ተርታ ይሰጠናል። ይህ ተርታ በመዝገቡ ካሉት ሁሉ ይለያል። መዝገቡ ግን አንድ ሳያስቀር ሁሉንም ይዟል ብለን ነበር። ስለዚህ ነጥቦቹ ከአሌፍ አንድ ይበልጣሉ።

ልጓም ግን ያስፈልጋል። ከዜሮና ከአንድ ይልቅ በቁራጩ ላይ የአሌፍ አንድን አባላት ስም እንጻፍና፣ ለእያንዳንዱ አባል «ስምህ በተርታው ይገኝ» ብለን እንጠይቅ። እያንዳንዱ ጥያቄ ደግ ነው፤ ስሙን መጨመር ብቻ ነውና። የሚገኘው ተርታ ግን አሌፍ አንድን በሙሉ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ይደረድራል፤ ይህም አሌፍ አንድ መደርደር የማይችል ብዛት ነው ከሚለው ትርጉሙ ጋር ይጋጫል። የዚህ ዘርፍ ትግል እንግዲህ ልጓሙን ምን ያህል ማላላት እንደሚቻል ማወቅ ነው። ልጓሙ በላላ ቁጥር አክሲዮሙ ይበረታል፤ የሚጠየቀው ዋስም ይገዝፋል።

ከጨዋው እስከ ማክሲመም

ጨዋው የማርቲን አክሲዮም ነው። የተወለደው ከአንድ የቆየ ጥያቄ ነው። ሚካኤል ሱስሊን የተባለ ወጣት ሩስያዊ በ1919 ሞተ፤ በማግስቱ ዓመት አንድ ጥያቄው ታተመ። ጥያቄው ስለ መስመር ነው፦ እንደ ተለመደው መስመር ክፍተትና ጫፍ የሌለው፣ የማይነካኩ ቁራጮቹም ከመቁጠሪያ ቁጥሮች የማይበዙ ሰልፍ ሁሉ፣ የተለመደው መስመር ራሱ ነውን? ሶሎቬይና ስታንሊ ተነንባውም የኮኸንን ዘዴ ደጋግመው፣ ሰንሰለት አድርገው በመጠቀም «አዎ» የሆነበትን ዓለም ሠሩ። ዶናልድ ማርቲን ከሰንሰለቱ ውስጥ አጠቃላይ ሕግ እንዳለ አየ፤ ከሶሎቬይ ጋር በ1970 አሳተሙት። ልጓሙ ጠበቅ ያለ ስለሆነ ዋስ አይጠይቅም፤ ዜድ ኤፍ ሲ ከቅራኔ ነጻ ከሆነ እሱም ነጻ ነው። የመስመሩን ብዛት በተመለከተ ግን፣ ለአሌፍ አንድ ጥያቄዎች የተነገረው ቅርጹ «ከአሌፍ አንድ ይበልጣል» ብሎ ይቆማል።

ሳሃሮን ሼላህ በኋላ ልጓሙን አላልቶ ፕሮፐር የሚባሉ ፎርሲንጎችን ለየ፤ አሌፍ አንድን የማያፈርሱ፣ በሰንሰለት ቢቀጣጠሉም የማያበላሹ ናቸው። ለነሱ የተነገረው አክሲዮም ፒ ኤፍ ኤ ይባላል። በ1988 ደግሞ ማቲው ፎርማን፣ መናኸም ማጊዶርና ሼላህ ልጓሙን እስከ መጨረሻው አላሉት። ከዚያ አንድ ጣት ቢላላ አክሲዮሙ ይቃረናል። ስሙንም ማርቲን ማክሲመም አሉት።

እነዚህ ሁለቱ «ይበልጣል» ብለው አይቆሙም። የመስመሩ ነጥቦች በትክክል አሌፍ ሁለት ናቸው ይላሉ፤ ለማርቲን ማክሲመም ሦስቱ ደራሲዎች ራሳቸው፣ ለፒ ኤፍ ኤ ስቴቮ ቶዶርቼቪችና ቦባን ቬሊችኮቪች አረጋገጡት። ሌላም ይፈታሉ። ጀስቲን ሙር በ2006 እንዳሳየው ፒ ኤፍ ኤ ባለበት ዓለም አምስት መሠረታዊ ሰልፎች አሉ፤ ከመቁጠሪያ ቁጥሮች በላይ የሆነ ማንኛውም በቅደም ተከተል የተሰለፈ ስብስብ ከአምስቱ አንዱን በውስጡ ይዟል። ሥርዓት የለሽ ይመስል የነበረ ዱር አምስት ዛፍ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያደርግ አክሲዮም ዋሱ ማን ነው?

ዋሱ ንብረቱን ሸጠ

ጄምስ ባውምጋርትነር ለፒ ኤፍ ኤ ሱፐርኮምፓክት ካርዲናልን ጠራ። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ማየት ተገቢ ነው፤ የዋስትናው ትርጉም ያለው እዚያ ነውና።

ካርዲናሉን ካፓ እንበለው። ዕቅዱ ካፓ ያህል እርምጃ ያለው ሰንሰለት መዘርጋት፣ በየእርምጃውም አንድ ፕሮፐር ፎርሲንግ እያስተናገዱ መሄድ ነው። ችግሩ ባለጉዳዮቹ ከመስኮቱ በላይ መሆናቸው ነው። ፕሮፐር ፎርሲንጎች በየትኛውም ቁጥር የማይወሰኑ ናቸው፤ ከካፓ በላይም ተቆልለዋል፤ ሰልፉ ግን ካፓ ላይ ያበቃል።

ሱፐርኮምፓክት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ማጊዶር እንዳሳየው የሱፐርኮምፓክት ጠባይ ነጸብራቅ ነው፦ ከካፓ በላይ ያለ ማንኛውም ግዙፍ ነገር ከካፓ በታች ታማኝ የሆነ ትንሽ መልክ አለው። ከላይ ያለውን ባለጉዳይ በአካል ማስተናገድ ባይቻልም መልኩን ከታች ማስተናገድ ይበቃል። ታዲያ የትኛውን መልክ በየትኛው እርምጃ? ሪቻርድ ሌቨር በ1978 ለዚህ ደብተር ሠራ። ካፓ መስመሮች ያሉት ደብተር ነው፤ በዓለም ላይ ምንም ነገር ብትመርጥ፣ የነገሩ ትንሽ መልክ በትክክለኛው መስመር ላይ ቀድሞ ተጽፎ ይገኛል። ባውምጋርትነር በየእርምጃው ደብተሩን ገልጦ የታዘዘውን ፎርሲንግ አስተናገደ። ሰንሰለቱ ሲያልቅ ያልተስተናገደ ባለጉዳይ የለም፤ ፒ ኤፍ ኤ እውነት ሆነ።

ዋሱ ግን ከፍሏል። በሰንሰለቱ ሂደት ከአሌፍ አንድ እስከ ካፓ መካከል የነበሩ ካርዲናሎች ሁሉ ፈርሰዋል። ካፓ፣ ያ ግዙፍ፣ ያ የማይደረስበት፣ በአዲሱ ዓለም አሌፍ ሁለት ሆኖ ተገኘ፤ ከመጨረሻው ረድፍ ተነስቶ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። መስመሩ አሌፍ ሁለት ነጥብ አለው ሲባል፣ ያ አሌፍ ሁለት የቀድሞው ካፓ ነው። ዋስ የሆነ ሰው ቤቱን ሸጦ ዕዳውን እንደሚከፍል ሁሉ ካርዲናሉ ግዝፈቱን ሸጦ አክሲዮሙን ገዛ። ማርቲን ማክሲመምም ያገኘው ከዚሁ ዋስ ነው።

ዱካውን መከተል

የሰማ ሁሉ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ በእርግጥ ይህን ያህል ሀብታም ዋስ ያስፈልግ ነበር? አንድ ሺህ ብር ለተበደረ ሰው ሚሊየነር ቢፈርም ዕዳው ሚሊየን ነው ማለት አይደለም። ዕዳውን በልኩ ለማወቅ አቅጣጫው መገልበጥ አለበት፦ አክሲዮሙን ይዞ ወደ ኋላ መሄድና የዋሱን ዱካ መፈለግ።

ዱካው የሚታየው ሮናልድ የንሰን ካሬ ብሎ በሰየመው መርህ ላይ ነው። ከአንድ ካርዲናል በላይ እስከ ቀጣዩ ድረስ፣ በየማረፊያው ከታች የሚደርስ መሰላል እናቁም። መሰላሎቹ አጫጭር ይሁኑ፤ ሁለቱ በአንድ ማረፊያ ላይ ሲገናኙም እስከዚያ ድረስ ያሉት መርገጫዎቻቸው አንድ ይሁኑ። እንዲህ ሆነው ሊተከሉ ከቻሉ ካሬ አለ ይባላል። ጎደል በሠራው ጠባብ ዓለም፣ የሚያስፈልገው ብቻ እንጂ ትርፍ ስብስብ በሌለበት፣ መሰላሎቹ ሁልጊዜ ይቆማሉ። ሱፐርኮምፓክት ባለበት ዓለም ግን ከካርዲናሉ በላይ አይቆሙም፤ ነጸብራቁ ይጥላቸዋል። ቶዶርቼቪች በ1984 ፒ ኤፍ ኤም ከአሌፍ አንድ ጀምሮ ባለ ካርዲናል ሁሉ ላይ እንደሚጥላቸው አሳየ።

አሁን ክርክሩ ይሰካል። የንሰን ያረጋገጠው ሌላ ነገር አለ፦ ወይ ዓለማችን ለጎደል ጠባብ ዓለም በጣም ትቀርባለች፣ ወይ ከጠባቡ ዓለም አቅም በላይ የሆነ ግዙፍ ነገር አለ። የምትቀርብ ከሆነ የጠባቡ ዓለም መሰላሎች በዓለማችንም ውስጥ፣ ተስማሚ በሆነ ካርዲናል ላይ፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ፒ ኤፍ ኤ ግን አይቆሙም ብሏል። ስለዚህ አትቀርብም፤ ግዙፍ ነገር አለ። ሊቃውንቱ ጠባቡን ዓለም ትንሽ ሰፋ አድርገው፣ ያን ግዙፍ ነገር አስገብተውበት፣ ክርክሩን ይደግሙታል፤ ሌላ ግዙፍ ነገር ይወጣል። ባለ ዕዳውን እያስጨነቁ ዋሶቹን አንድ በአንድ ስማቸውን እንደማስጠራት ነው። ጆን ስቲል በ2005 በዚህ መንገድ ፒ ኤፍ ኤ ወሰን የለሽ ብዛት ያላቸው የዉዲን ካርዲናሎች ያሉበትን የውስጥ ዓለም እንደሚያስከትል አሳየ። ግሪጎር ሳርጊስያንና ናም ትራንግ ከዚያም አልፈው ሄደዋል።

የተዘጋና ያልተዘጋ ሒሳብ

በዚህ ዘርፍ እስከ ሳንቲሙ የተዘጉ ሒሳቦች አሉ። ሶሎቬይ በ1970 በመስመር ላይ ያለ ስብስብ ሁሉ ርዝመቱ ሊለካ የሚችልበትን ዓለም ሠራ፤ የማይደረስበት ካርዲናል ፈረመለት። «ያን ዋስ ማስቀረት አይቻልም ነበር?» ለሚለው ሼላህ በ1984 «አይቻልም» ብሎ መለሰ። ዕዳውና ዋሱ እኩል ሆኑ። ስለ ማያልቁ ጨዋታዎች የሚናገረው የዲተርሚናሲ አክሲዮምም ዕዳው በልክ ታውቋል፤ ወሰን የለሽ የዉዲን ካርዲናሎች ናቸው።

ከፎርሲንግ አክሲዮሞችም ሒሳቡ የተዘጋለት አለ። ማርቲን ጎልድስተርንና ሼላህ በ1995 ፒ ኤፍ ኤን ጠበብ አድርገው፣ ጥያቄዎቹ በመጠናቸው እንዲወሰኑ አደረጉ። ለዚህ ውስን ቅርጽ ትክክለኛው ዋስ አንጸባራቂ የሚባል ካርዲናል ነው፤ ከማይደረስበቱ ጥቂት ከፍ የሚል፣ ከተለኪው እጅግ ዝቅ ያለ። ሙር በ2005 ይህ ርካሽ ቅርጽ ራሱ የመስመሩን ብዛት አሌፍ ሁለት እንደሚያደርገው አረጋገጠ። አምስቱ ሰልፎችም እንዲሁ ተመርምረዋል። የሙር የመጀመሪያ ማረጋገጫ ቢያንስ ወሰን የለሽ የዉዲን ካርዲናሎችን የሚያህል ዋስ ይጠይቅ ነበር፤ በ2008 በርንሃርድ ኮኒግ፣ ፖል ላርሰን፣ ሙርና ቬሊችኮቪች ከተለኪ ካርዲናል እንኳ በብዙ የሚያንስ እንደሚበቃ አሳዩ። ሚሊየነሩ ፈርሞ የነበረው ለጥቂት ብር ዕዳ ነበር።

ሙሉው ፒ ኤፍ ኤና ማርቲን ማክሲመም ግን ገና ናቸው። ከላይ ሱፐርኮምፓክት ይበቃል፤ ከታች የዉዲን ካርዲናሎችና ጥቂት በላያቸው ያስፈልጋል፤ መካከሉ ሰፊ ነው። ማቴዮ ቪያሌና ክሪስቶፍ ቫይስ በ2011 ሚዛኑን ወደ ላይ የሚያጋድል ነገር አቀረቡ፦ ባውምጋርትነር በሄደበት ዓይነት ፕሮፐር ሰንሰለት ካፓን አሌፍ ሁለት አድርጎ ፒ ኤፍ ኤን ለማግኘት የተነሳ ሰው፣ ካፓው ሱፐርኮምፓክት ካልሆነ አይሳካለትም። ያ መንገድ ዋጋውን አይቀንስም። ማንም ያልሄደበት ሌላ መንገድ ዋጋውን ይቀንስ እንደሆነ ግን አይነግረንም።

ታዲያ ከታች የሚሄዱት ለምን ሱፐርኮምፓክት ላይ አልደረሱም? ምክንያቱን ለማየት ወደ ገንዘብ ያዡ እንመለስ። ዋሱ ቃሉን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ደመወዙን በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤ ያቀርባል። በስብስብ ጥናት ይህ ደብዳቤ የውስጥ ዓለም ነው፤ ካርዲናሉን የያዘ፣ እንደ ጎደል ጠባብ ዓለም ከደረጃ ደረጃ ስብስቦቹ የሚቆጠሩበት፣ መሰላሎቹ ከሞላ ጎደል የሚቆሙበት ዓለም። ዱካ የመከተል ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ደብዳቤ ነው። ለተለኪው ካርዲናል ደብዳቤው አለ። ለዉዲን ካርዲናሎችም አለ፤ ማርቲንና ስቲል፣ ስቲልና ሚቸል በብዙ ልፋት ጽፈውታል። ለሱፐርኮምፓክት ግን እስካሁን የጻፈው የለም። ስለዚህ ክፍተቱ የፒ ኤፍ ኤ ዕዳ ማነስ ምልክት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ዕዳውን የምንለካበት መሣሪያ እዚያ ድረስ አልረዘመም።

እስከዚያው አክሲዮሙ በሥራው ላይ ነው። ዴቪድ አስፔሮና ራልፍ ሺንድለር በ2021 የማርቲን ማክሲመም ብርቱ ቅርጽ፣ ዉዲን በሌላ መንገድ ደርሶበት የነበረውን ተቀናቃኝ አክሲዮም እንደሚያስከትል አረጋገጡ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በየፊናቸው አንድ ምስክርነት እንደ መስጠታቸው ነው፤ አሌፍ ሁለት የሚለውን መልስ የሚወዱ ሰዎች ልባቸው ሞላ። የማርቲን ማክሲመም ፋይል ሲገለጥ ግን ከሥር የሚገኘው ስም ያው ሱፐርኮምፓክት ነው። ፊርማው አለ። ባውምጋርትነር ሰንሰለቱን ከዘረጋ ጀምሮ ማንም ቅራኔ አላገኘበትም። ኩነን የራይንሃርትን ዋስ እንዴት እንዳፈረሰ የሚያስታውስ የፋይሉ ጠባቂ ግን የደመወዙን ደብዳቤ እየጠበቀ ነው።